ከሥራነሽ ጋን ያልወጣው እርሾ

ቢያድግልኝ ይጁቤ ውስጥ በማኅበር ላይ ጠላውን ጨልጦ ሆዱን እንደያዘ ወደቀ፤ የገደለው የተባይ መርዝ ነበር። ደጋሿ ሥራነሽ ነበረችና የታሰረችው እሷ ናት። ሕፃን ልጇ ጎረቤት ቀረች።

ኢንስፔክተር የብርጓል ነገሩ አልጥም አላት። የሥራነሽ ጠላ በጌሾ መራራነቱ የታወቀ ነው፤ ከጋኑ ሁሉም ጠጥቶ የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጎረቤቱ አንሙት በድንበር፣ ወንድሙ እንዳላማው በአባታቸው መሬት ከሟች ጋር ይካሰሱ ነበር። በዕለቱ አሳላፊው እንዳላማው ነው፤ ሟችም እሱ የቀዳለትን ጽዋ ከእጁ ሳያወጣ ጠጥቷል። የብርጓል የጽዋውን አተላና ከሥራነሽ፣ ከአንሙትና ከእንዳላማው ቤት ጠላ ደብረ ማርቆስ ለምርመራ ላከች።

«የጽዋው እርሾ ከሥራነሽ ጋን እርሾ ጋር በዲኤንኤ ቅንብሩ በጣም ይራራቃል» አላት ተመራማሪው ውጤቱን ልትቀበል ስትሄድ። «አንድ ዝርያ ሊሆኑ አይችሉም።»

«የማን ቤት ነው ታዲያ?»

«የእንዳላማውም የአንሙትም ይቀራረበዋል። ግን ቅንብሩ ስለተቀራረበ ዝርያው አንድ ነው አይባልም። ያልሆነውን እንጂ የሆነውን አይነግርሽም።»

የብርጓል ደሟ ፈላ። ስንት ጊዜ ደጅ ጠንታ ያገኘችው መልስ ይህ ነው? በንዴት ስትመለስ መንገድ ላይ ጠላ ቤት ጎራ አለች። ጠላ ሻጯ እንደ ወጉ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ቀዳችላት። የብርጓል ብርጭቆውን ሳትነካ ተነሣች።

ማኅበርተኛውን በሥራነሽ ቤት ሰበሰበች፤ ሥራነሽንም አስመጣች።

«ለወንድምህ ስትቀዳ ቀምሰሃል?» አለችው እንዳላማውን።

«ሳይቀመስ ይሰጣል እንዴ? በመዳፌ ቀምሻለሁ።»

«የማን ጠላ ነበር?»

«የሥራነሽ ነዋ። መራራነቱ የት ይጠፋኛል?»

«ጽዋው ውስጥ የነበረው እርሾ ከዚህ ጋን አልወጣም። የሌላ ቤት ጠላ ነው። ቀምሰኸው ቢሆን ምላስህ ይለየው ነበር፤ መርዙም አንተንም በጣለህ። መርዙን በቤትህ ጠላ በጥብጠህ በማንቆርቆሪያ አመጣኸው፤ የሥራነሽ ጓዳ ሰው አይለየውምና እዚህ መበጥበጥ አይመችህም ነበር። ያልቀመስኸውም ምን እንደያዘ ስለምታውቅ ነው።»

«ሳልቀምስ ሰጠሁ ብል ምን እባላለሁ?» አለ እንዳላማው።

እሱን ሲወስዱት ሥራነሽ ከጋኑ ቀዳች። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ በሁሉም ፊት ቀመሰችና ጽዋውን ዘረጋች። እጁን የሚሰድ ጠፋ፤ አንዱ ጋቢውን ያስተካክላል፣ አንዱ ደጁን ያያል። ይህ የብርጓልን ከቅድሙ የባሰ አናደዳት። ጽዋውን ተቀብላ ጠጣችው። ጠላው ከርሞ ኮምጥጦ ነበር።

«ድገሚኝ» አለቻት።