ጆሮውን የደፈነው ሸክላ አጫዋች

መቶ አለቃ የሺዓለም ከሬሳው በፊት ያየችው ወሬኛውን ነው። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ በሚገኘው የወይዘሮ ደብሪቱ ጭፈራ ቤት ጓሮ፣ ሰው በሰው ትከሻ ላይ አንገቱን ያሰግጋል። ሰዓት እላፊ ከታወጀ ወዲህ ፒያሳ የምትጨፍረው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ስለዚህ ሬሳ ሊያይ የተሰበሰበው ሁሉ ሱሪው የሰፋ፣ ጫማው ከፍ ያለ፣ ላቡ ያልደረቀ ነበር። አንዱ ጎረምሳ እንዲያውም ከሟቹ ራስጌ ቆሞ ጸጉሩን ያበጥራል።

«አንተ ባለማበጠሪያ፣» አለችው፣ «ቁንጅናህን ለሕያዋን አቆየው። ውጣ!»

ሌላውም ተከትሎት ወጣ። በአገሩ ፖሊስ የሚፈራበት ዘመን አልፎ አብዮት ጠባቂ የሚፈራበት ቢመጣም፣ የየሺዓለምን ምላስ የሚዳፈር ግን ገና አልተወለደም ነበር።

ሟቹ እምሩ ይባላል፤ የቤቱ ሸክላ አጫዋች ነው። ከፎቁ ወደ ጓሮው ከሚወርደው የብረት ደረጃ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። ከበላዩ ያለው ሰገነት መከለያ ብረቱ ተነቅሎ ባዶውን ቀርቷል። የሺዓለም ተንበረከከች። ሁለቱም ጆሮዎቹ በሰም ውታፍ ተደፍነዋል። በቀኙ ያለው ወፍራም ውታፍ በግድ የተሰካ ይመስል ግማሹ ወደ ውጭ ቀርቷል። ራሱን ቀስ አድርጋ ስታዞረው ደግሞ በግራው የነበረው ቀጭን ውታፍ ማንም ሳይነካው ተንከባሎ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ሁለቱንም በመሐረቧ ቋጠረች። በሸሚዙ ኪስ ውስጥ ባዶ የከረሜላ ቆርቆሮ አገኘች።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ አይድከሙ፤ ጉዳዩ ግልጽ ነው፣» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

ተናጋሪው ክፍሌ ነበር፤ የቀበሌው ሱቅ ኃላፊ። ደረቱ ላይ የሰካው ዓርማ ከፊቱ ይበልጥ የተወለወለ ነው።

«ግልጽ ከሆነልህ አስረዳኛ።»

«እኔ እዚሁ ጓሮ ነበርኩ። እምሩ ሲጋራ ሊያጨስ ወደ ሰገነቱ ወጣ። ብረቱን ያ አሻጥረኛ በያጅ ነቅሎታል። ‹ቁም! ብረቱ የለም!› ብዬ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። በሰም የተደፈነ ጆሮ ምን ይሰማል? ወደቀ። እኔም ሮጬ ላነሳው ሞከርኩ።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። «የአብዮቱ ጠላቶች ሠርቶ አደሩን በዚህ መልክ ነው የሚፈጁት!»

ዓይኑን በጨው የታጠበ፣ አለች በልቧ። እምሩ በሕይወት ሳለ ይኸው ሰው ‹የጭፈራ ቤት ውርጋጥ› እያለ ነበር የሚጠራው፤ ሲሞት ሠርቶ አደር ሆነ።

በያጁ ሲራጅ እጁን የኋሊት ታስሮ በሁለት አብዮት ጠባቂዎች መካከል ተቀምጧል። ሚስቱ ሸሪፋ ከበሩ ውጭ ቆማለች፤ እንዳትገባ ከልክለዋታል፤ እሷም አልሄደችም።

«የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት መኪና ከአምስት ኪሎ እየመጣ ነው፣» አለ ክፍሌ። «እሱን ይዞ ይሄዳል።»

የሺዓለም ያን መኪና ታውቀዋለች። ቅዳሜ የተጫነበት ሰው ሰኞ ሲፈለግ አድራሻው አይገኝም። መኪናው እስኪደርስ ያለው ጊዜ ብቻ ነው የሲራጅ ዕድሜ።

«ሲራጅ፣ ብረቱን ለምን ነቀልከው?»

«በዝጎ ነበር፣ መቶ አለቃ። ወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው ያዘዙኝ። ጠዋት ነቅዬ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ወዳለው ሱቄ ወሰድኩት። በቦታው ገመድ አስሬ ነው የሄድኩት። በልጆቼ እምላለሁ፣ ጠብቆ የታሰረ ገመድ ነው!»

«ገመድ! ክር ነው ያንጠለጠለው፣» አለ ክፍሌ።

የሺዓለም ወደ ሰገነቱ ወጣች። ወፍራም ገመድ በአንደኛው ምሰሶ ተንጠልጥሏል። እዚያ ያለውን ቋጠሮ ልትፈታው ብትታገል ጥፍሯ ተሰበረ። ሌላው ጫፍ ግን ሳይበጠስ፣ ሳይላላጥ፣ እንዲሁ ተፈትቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ጥፍሯን እየጠባች ወረደች።

ወይዘሮ ደብሪቱ ጓሮውን በሚያየው ማድ ቤት ውስጥ ሻይ አቀረቡላት። ደልዳላ ሴት ናቸው፤ በሁለቱም ጆሯቸው ጥጥ ወትፈዋል። የሞተው ሰው ሳይሆን የተቋረጠው ጭፈራ እንዳንገበገባቸው ያስታውቃል።

«ጥጡ ለምንድን ነው?»

«ለጩኸቱ ነዋ! እምሩ ነው ያስለመደኝ። እሱ በሰም ደፈነ፣ እኔ በጥጥ። ይኼው ሰላሜን አገኘሁ፤ አንድ ነገር አልሰማም።»

የሺዓለም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በሹክሹክታ፣ «ሻዩ ስኳር በዝቶበታል፣» አለች።

«ውይ፣ ልቀይርልዎ?» አሉ ደብሪቱ ፈጥነው።

የሺዓለም ሳቋን ዋጠች። እንዲህ ያለው መከላከያ ለጆሮ ሳይሆን ለኩራት ነው። «ተዉት፣ እጠጣዋለሁ። እምሩ ሲወድቅ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ‹ዱብ!› የሚል ሰማሁና ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ክፍሌ ጎንበስ ብሎ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞታል። ሊያነሳው ነው መሰለኝ።»

«ከዱብታው በፊት የሰሙት ነገር የለም? ጩኸት?»

«ምንም። ይልቅ ዘቢደርን ይጠይቋት፤ ጠዋት ከእምሩ ጋር ሲጨቃጨቁ ነበር።»

ዘቢደር የቤቱ አስተናጋጅ፣ የእምሩ እጮኛ ናት። አዳራሹ ውስጥ ሸክላ ማጫወቻው ሥር ቁጢጥ ብላ ታለቅሳለች። የሺዓለም አጠገቧ ተቀመጠች።

«ስለ ጆሮው ንገሪኝ።»

ልጅቷ ያልጠበቀችው ጥያቄ ነበርና ቀና አለች። «ከሥራ ሲወጣ ጆሮው ውስጥ ይጮህበት ነበር። ሐኪሙ፣ ‹አንዴ የሄደ መስማት አይመለስም፣ ተጠንቀቅ› አለው። መጀመሪያ ጥጥ ሞከረ። ‹ጥጥ ለቁስል ነው፣ ለጆሮ አይረባም› ብሎ ጣለው። ፋብሪካ የሚሠራ ዘመዱ የስፖንጅ ውታፍ አመጣለት። እሱ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ አፈነበት፤ ‹ዘፈኑ ጭቃ ሆነብኝ› አለ። በመጨረሻ ሰም ከጥጥ ጋር ለውሰን፣ በሙቅ ውኃ አለስልሰን፣ በየጆሮው ልክ ሠራን። የቀኝ ጆሮው ቀዳዳ ጠባብ ናት፤ የሷ ውታፍ ቀጭን ነው። የግራው ወፍራም። ከሱ ወዲያ ሌላ አልፈለገም። ለኔም ሠርቶልኛል።»

«ሌላው ሰው ምን ይል ነበር?»

«ምን ያላለ አለ? ‹ዘፈን እያጫወተ ጆሮውን የሚደፍን እብድ!› ይሉት ነበር። ደንቆሮ መሰላቸው። እሱ ግን ሲደፍነው ነበር ሰው የሚለውን አጥርቶ የሚሰማው። ‹ጩኸቱ ይቀንስልኛል፣ ወሬው ይጠራልኛል› ይለኝ ነበር። ከዚህ ከማጫወቻው ሲርቅ ግን አውጥቶ ቆርቆሮው ውስጥ ያስቀምጣቸዋል።»

«ጠዋት በምን ተጣላችሁ?»

ዘቢደር ከንፈሯን ነከሰች። «የሰፈሩን ልጆች ድርሻ የሚነጥቅ ሰው እዚሁ አጠገቡ ቆሞ ሲያወራ ሰምቷል። ማን እንደሆነ አልነገረኝም። ‹ከመክሰሴ በፊት ፊት ለፊት ልንገረው፣ ይመልሰው› አለ። ዝም በል አልኩት፣ መቶ አለቃ። ለምኜው ነበር።»

የሺዓለም ደሟ ፈላ። በዚህ ሁሉ ቅጥፈት መሐል ቀጣፊን እንኳ ቀድሞ ሊመክር የሚሄድ የዋህ ነበረ፤ እሱን ነበር የገደሉት። ተነስታ ሁሉንም ወደ አዳራሹ አስጠራች፤ ሲራጅንም ከነጠባቂዎቹ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣» አለ ክፍሌ ሲገባ፣ «መኪናው ደርሶ ጭፈራ ላይ እንዲያገኘን ነው?»

«ተቀመጥ። ዘቢደር፣ የራስሽን ውታፎች አድርጊ። ሸክላ ጫኝና ድምፁን እስከ መጨረሻው ክፈቺው። ጀርባሽን ስጪን።»

ዘፈኑ አዳራሹን አናወጠው። ወይዘሮ ደብሪቱ ጥጣቸው ላይ እጃቸውን ጫኑበት። የሺዓለም ከዘቢደር ጀርባ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመች፤ ሳትጮህ፣ ሰው ባንኮኒ ላይ እንደሚያወራው አድርጋ፣ «የቀበሌው ሱቅ ውስጥ ስኳር አለ?» ስትል ጠየቀች።

ዘቢደር ሳትዞር መለሰች። «የለም! ገና አልመጣም ተብለን ስንሰለፍ ወር አለፈን!»

የሺዓለም ድምፁን አስጠፋች።

«ክፍሌ፣ አየህ? በሰም የተደፈነ ጆሮ ምን ይሰማል ብለህ ነበር። ማጫወቻው ሥር እንኳ ወሬ ይሰማል። ደጅ፣ ሰገነት ላይ፣ የአንተን የተሰነጠቀ ጉሮሮ እንዴት አልሰማም?»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም! ጮኼአለሁ!»

«አልጮህክም። ወይዘሮ ደብሪቱ በጥጣቸው ውስጥ ዱብታውን ሰምተዋል። ጥጡ ምንም እንደማይከለክል ደግሞ እኔ በሹክሹክታ አረጋግጫለሁ። ከዱብታው በፊት ግን አንዲት ቃል አልሰሙም።»

ደብሪቱ ጥጡን ከጆሯቸው አውጥተው መዳፋቸው ውስጥ ደበቁት።

የሺዓለም መሐረቧን ፈታች። «እነዚህ የእምሩ ውታፎች ናቸው። ቀጭኑ የቀኝ፣ ወፍራሙ የግራ። ሬሳው ላይ ያገኘኋቸው ግን ተገላብጠው ነው፤ አንዱ አልገባም ብሎ፣ አንዱ አልቆምም ብሎ ወደቀ። ሰው በየቀኑ የሚያደርገውን ጫማ አገላብጦ አጥልቆ ከቤቱ ይወጣል? እምሩ አላደረጋቸውም። ቆርቆሮው ውስጥ ነበሩ። ከወደቀ በኋላ አውጥቶ የወተፈለት ሌላ ሰው ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ያዩት ማንን ነው?»

«ክፍሌን፣» አሉ በቀስታ።

«ላነሳው ነበር!» አለ ክፍሌ።

«ሲያዩህ መስኮቱ ላይ ሰው እንዳለ አላወቅክም። ሰው ቢደርስብህ ግን ምክንያት ያስፈልግህ ነበር፤ ‹ጮህኩለት፣ አልሰማም› ልትል። ለዚህ የተደፈነ ጆሮ ፈለግህ። ገመዱንም አይቻለሁ። የሲራጅ ቋጠሮ ጥፍሬን ሰብሯል። የሌላኛው ጫፍ ቋጠሮ አልተበጠሰም፤ ተቀምጦ የፈታው እጅ አለ።»

ከውጭ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ሲራጅ ዓይኑን ጨፈነ። በሩ ላይ ሸሪፋ ስትጮህ ሰሙ።

«ለምን እገድለዋለሁ? ከእሱ ጋር ምን አለኝ?» አለ ክፍሌ። ጥሩንባው አጀግኖታል።

«ወይዘሮ ደብሪቱ፣» አለች የሺዓለም ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል፣ «ሰፈሩ ወር ሙሉ ስኳር አጥቷል። የእርስዎ ሻይ ከየት ጣፈጠ? አሁን ዝም ካሉ ያ መኪና ሁለት ሰው ይጭናል።»

ሴትዮዋ ሲራጅን አዩ፣ ክፍሌን አዩ፤ ከዚያ የራሳቸው ነገር አሳሰባቸው። «ከሱ ነው የገዛሁት! ባለፈው ቅዳሜ፣ እዚሁ ማጫወቻው አጠገብ ተስማማን። ‹እምሩ ይሰማናል› ስለው፣ ‹ጆሮውን የደፈነ ሰው ግድግዳ ነው› ብሎ ሳቀብኝ!»

በክፍሌ ደረት ላይ ያለው ዓርማ ሲነሳና ሲወርድ ይታያል።

«ግድግዳው ሰምቷል፣» አለች የሺዓለም። «ዛሬ ረጅም ሸክላ ጭኖ ወጣና ስኳሩን መልስ አለህ። አንተ ደግሞ ገመዱን ፈትተህ ነበር የጠበቅከው።»

«ገፋ ብቻ ነው ያደረግኩት፣» አለ ክፍሌ፤ ድምፁ አሁን የልጅ ድምፅ ሆኗል። «አልመልስም ስለው እከስሃለሁ አለኝ... በኢኮኖሚ አሻጥር እኮ ይረሽኑኛል!»

ዘቢደር ተነስታ አጠገቡ ሄደች። የምትመታው መስሏቸው ነበር። አየችውና ተመልሳ ተቀመጠች።

የከፍተኛው ኃላፊ ጠመንጃ ከያዙ ሁለት ሰዎች ጋር ገባ። የተፈጠረውን ሲነግሩት ዓይኑ በራ። «ስኳሩ ስንት ኩንታል ነው?» የመጀመሪያ ጥያቄው ይኸው ነበር። ጓሮ ስለተኛው ሰው አልጠየቀም። «ጥሩ። ይህን አሻጥረኛ ጫኑት።»

«አይጫንም፣» አለች የሺዓለም፤ በር ላይ ቆመች። «የኔ እስረኛ ነው። ስኳሩን ውሰዱ። እሱ ግን እምሩን ነው የገደለው፤ በእምሩ ስም ይከሰሳል፣ ፍርድ ቤት ይቆማል።»

ኃላፊው ለአፍታ አመነታ፤ ከዚያ ሰው ከመጫን ስኳር መጫን የሚሻል መሰለውና ትከሻውን ሰበቀ። ሲራጅ እጁ ሲፈታ ኃላፊው ወደ እሱ ዞሮ፣ «አንተም ለወደፊቱ ተጠንቀቅ፣» አለው።

«እሺ ጓድ፣» አለ ሲራጅ አንገቱን ደፍቶ።

የሺዓለም በዚያች ‹እሺ› አንጀቷ አረረ። ክፍሌ እንኳ እንዲህ አላናደዳትም። «ከምኑ ነው የሚጠነቀቀው?» አለች ኃላፊውን። «ገመድ አጥብቆ ከማሰር? ይቅርታ በለው!»

ኃላፊው ጀርባውን ሰጥቷት ስኳሩን ፍለጋ ወጣ።

ሲራጅ እጁን እያሻሸ ወደ በሩ ሄደ። ሸሪፋ ብርድ ልብስ አቅፋ ቆማለች፤ ጎረቤት ናት ሮጣ ያመጣችላት። ባሏ አጠገቧ ደርሶ እንኳ አላመነችም፤ በትከሻው አሻግራ መቶ አለቃዋን ታያለች።

«እመቤቴ፣» አለቻት፣ «እስር ቤት ይበርደዋል ብዬ ነበር። ለማን ነው የምሰጠው?»

«ለማንም፣» አለች የሺዓለም። «ይዘሽው ግቢ።»