ማምሻ ባር በጠዋት

ጋሽ ይመር በአዲሱ ደረጃ ግርጌ በጎናቸው ወድቀዋል። አንድ እጃቸው ከደረታቸው ሥር ተጣጥፏል፤ ባርኔጣቸው ድንች ጆንያው ላይ አርፏል። መርማሪ ውብአለም ተንበርክካ አንገታቸውን ዳሰሰች፣ ጠበቀች፣ እንደገና ዳሰሰች። ከዚያ ቀና ብላ ደረጃውን አየችና በረጅሙ ተነፈሰች። የእረፍት ቀኗ ነበር። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። እኚህን ሽማግሌ ደግሞ ትወዳቸው ነበር።

ማምሻ ባር በሰው አገር፣ ፓርክዴል በሚባል ሰፈር ውስጥ ለሃያ ዓመት ያህል ስሙን አክብሮ የኖረ ቤት ነው። ሰው ከሥራ ሲወጣ ይገባል፣ ቢራ ይይዛል፣ ይከራከራል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በጠዋት ተከፍቶ አያውቅም። ቤተኞቹ ወደ ኖርዝ ዮርክና ወደ ሌላውም የከተማው ዳር እየተበተኑ ሲያልቁባት ግን ባለቤቷ ተናኘ፣ የሰፈሩን ወጣት ካላስገባሁ አልዘልቅም ብላ ቤቱን ዘግታ አሳደሰችው። ዛሬ እሁድ ተከፈተ። ለሕዝብ የሚከፈተው ከቀትር በኋላ ነው፤ ጠዋቱን የቀሩትን ጥቂት ቤተኞች «ብራንች» ጋብዛለች። ብራንች ቁርስም ምሳም ያልሆነ ምግብ ነው። ውብአለም እስካሁን ባየችው ደግሞ ምግብም አይደለም፤ ያዘዘችው እንቁላል ከታዘዘ ቆይቷል፣ የለም።

ገና ከገባች ጀምሮ ሁሉም ነገር አናዷታል። የምትወደው የጥግ ሶፋ ተነቅሏል። አዲሶቹ ወንበሮች እግር እንጂ መቀመጫ የላቸውም። ሜኑው የሚነበበው በስልክ ነው። እጇን ልትታጠብ ወደ ኮሪደሩ ስትሄድ እንኳ ትከሻዋን ከበር ጋር አላትማ እየተራገመች ተመልሳለች፤ እስካሁን ይጠዘጥዛታል።

በኮሪደሩ መጨረሻ ሁለት ጥቁር በሮች ጎን ለጎን አሉ። ድሮ የግራው ሽንት ቤት ነበር፣ የቀኙ ወደ ቤዝመንት፣ ወደ ምድር ቤቱ ዕቃ ማስቀመጫ፣ መውረጃ። እድሳቱ አቀያየራቸው። የትኛው የምን እንደሆነ የሚናገሩት ከጣት የማይበልጡ ሁለት የመዳብ ቅጠሎች ናቸው። አንደኛው ቅጠል ሽንት ቤት ማለት ነው አሉ፤ ሌላኛው ምን ማለት እንደሆነ ተናኘ ራሷም አታውቅም።

ስለዚህ ሁሉም ሰው፣ ተጠርቶ የመጣው ወጣት ፖሊስ ሳይቀር፣ አንድ ነገር ነው የሚለው፦ ልማድ ነው። ሽማግሌው እንደ ድሯቸው ወደ ግራ ሄዱ፣ በሩን ከፈቱ፣ ጨለማውን ረገጡ። አለቀ።

ተናኘ ባንኮኒው ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለች። «‹ልጄ፣ ቤቱን አትንኪው› ብለውኝ ነበር። አባት የሌለኝን አባት ሆነው ሲድሩኝ ምን አጎደሉብኝ? ቅጠል ለጠፍኩላቸው! በሚነበብ ፊደል ብጽፈው ምን ነበረበት?»

«ተነሽ፣ ወንበር ላይ ተቀመጪ።»

«ቁልፉን ዛሬውኑ ለአከራዩ እመልሳለሁ። ሰው በገደለ ቤት ውስጥ እንቁላል አልጠብስም፣ ውብዬ።»

«ቆይ እስቲ። ገና ማንም ምንም አላወቀም» አለቻት ውብአለም። እሷም አላወቀችም። የሆነ ነገር ግን አልጥም ብሏታል፤ ምን እንደሆነ መለየት ባለመቻሏ ደግሞ ይብስ ተናደደች።

አደጋው ሲደርስ እሷና ተናኘ መስኮቱ አጠገብ ነበሩ። የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ሼፉ፣ ጋሽ ሰላሙና የተናኘ ባል ካሳዬ። መጀመሪያ ሼፉን ብሩኪን አስጠራች። ወጣት ነው፤ ክንዱ ላይ ሙሉ የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን ተነቅሷል።

«ጠዋት ከጋሽ ይመር ጋር ተጣልተሃል አሉ።»

«ፋይት አይደለም፣ ዲስከሽን ነው። አቮካዶ የተቀባውን ዳቦ አይተው ‹ይኼ የበሽተኛ ምግብ ነው› አሉኝ። አፕሴት ሆንኩ። በዚህ ሰው ይገደላል?»

«ተገደሉ ማን አለህ?»

ብሩኪ እጁን በሽርጡ ጠረገ። «ማለቴ… ሶሪ። ኪችን ውስጥ ነበርኩ። ጩኸት ሰምቼ ስወጣ ካሳዬ በሩን በእጁ ይዞ ‹ጋሽዬ! ጋሽዬ!› ይላል።»

«በሩን ለምን ይይዘዋል?»

«ስፕሪንግ አለው፣ ከለቀቅሽው ራሱ ይዘጋል።»

«የደረጃው መብራትስ?»

«ኦፍ ነበር። ያበራሁት እኔ ነኝ።»

«እንቁላሌስ?»

«እሱ…» ብሩኪ ጫማውን አየ። «ኦኔስትሊ፣ ተቃጥሏል።»

ጋሽ ሰላሙ ካዘኑት በላይ የተቆጡ ይመስላሉ። ከጋሽ ይመር ጋር የሠላሳ ዓመት ወዳጆች ናቸው፤ በካርታ ጨዋታ «አጭበረበርከኝ» ተባብለው ከክረምት ወዲህ ግን ተኳርፈዋል።

«ዛሬ አናገረኝ» አሉ። «መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠና ‹ሰላሙ፣ ያጠፋሁትን ጥፋት ዛሬ አስተካክላለሁ› አለኝ። እሺ፣ ይቅርታ ሊለኝ ነው ብዬ ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ቢራውን ቀመሰ። እኔ እጠብቃለሁ። ተነስቶ ሄደ! ይቅርታ ሳይለኝ ሞተ እኮ፣ ታውቂያለሽ? ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ድምፃቸው ተሰበረ። ውብአለም ሶፍት ልታቀብላቸው እጇን ስትዘረጋ ዓይኗ የጋሽ ይመር ቢራ ላይ አረፈ። ብርጭቆው አጋማሽ ድረስ አለ፤ አረፋው ሞቷል።

«ሲነሱ ‹ሽንት ቤት ልሂድ› ብለዋል?»

«ምንም አላለም። ወደ ኮሪደሩ ቀና ብሎ አየና ተነሳ።»

«ብርጭቆውን አልከደኑትም።»

«እ?»

«ሽንት ቤት ሲሄዱ ሁልጊዜ ብርጭቆውን በሶፍት ይከድናሉ፣ አስተናጋጅ አንስቶ እንዳይደፋባቸው። ስንቴ ስቀንባቸዋል።»

«ረስቶት ነዋ! አርጅቷል።»

«እግራቸው የድሮውን አስታውሶ እጃቸው ረሳ?» አለች ውብአለም።

የተናኘ ባል ካሳዬ ረጋ ብሎ መጥቶ ረጋ ብሎ ተቀመጠ። ተናኘ ስፖንሰር አድርጋ ካመጣችው ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ረጅም መንገድ የሚሄድ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ እድሳቱ ሲካሄድ መንገድ ላይ ከርሞ ትናንት ማታ ገባ።

«በሮቹ መቀያየራቸውን ታውቅ ነበር?»

«ትናንት ማታ ተናኘ አዙራ አሳየችኝ። ለሽማግሌ ሰው ጥሩ አይደለም ብዬ አስቤ ነበር። ሳልነግራት ቀረሁ።» ራሱን ነቀነቀ። «ባንኮኒው ጫፍ ላይ ሆኜ ቢራ ፍሪጅ ውስጥ እደረድራለሁ፤ ጋሽዬ ብቻቸውን ወደ ኮሪደሩ ሲሄዱ አየኋቸው። እንደ ድሯቸው የግራውን በር በትከሻቸው ገፋ አድርገው ገቡ። ‹በዚያ አይደለም!› ብዬ ሳልጨርስ ድምፁ ተሰማ።»

«በዓይንህ አየህ?»

«በዓይኔ። አንቺም ታውቂያለሽ እኮ፣ ሁሌ እንደሚያደርጉት።»

ታውቃለች። ጋሽ ይመር ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ያንን በር በትከሻ እየገፉ ሲገቡ ስንት ምሽት አይታለች። ሁሉም ነገር ይገጥማል። ወጣቱ ፖሊስ ሰዓቱን ያያል፤ በመስታወቱ ማዶ ብራንች ፈላጊ ወጣቶች መሰለፍ ጀምረዋል። ውብአለም ራሷን አመማት። እየተሸነፈች መሆኑን ታውቃለች፤ ተናኘም ዕድሜ ልኳን በር ስትከፍት ሽማግሌ እንደገደለች እያሰበች ልትኖር ነው።

ያኔ ጠረጴዛው ላይ የነበረው የጋሽ ይመር ስልክ ጮኸ። «ኸይረዲን» ይላል፤ ኮምቦልቻ ያለው የእህታቸው ልጅ ነው። ውብአለም ስልኩን ይዛ ወደ ጥግ ሄደች።

«አጎቴ?»

«አጎትህ አሁን ስልኩ አጠገብ የሉም» አለች። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ያውም ብቻውን ይሁን ከሰው ጋር ለማታውቀው ልጅ። «እኔ ውብአለም ነኝ።»

«ፖሊሷ! ያወሩልኛል። በይ ንገሪኝ፣ ለተናኘ ነገሯት? እንዴት ሆነች?»

ዝም አለች። ዝምታዋን ልጁ እንደ አዎንታ ወስዶ የሚያውቀውን ሁሉ ዘረገፈላት። አጎቱ መሞታቸውን ቢያውቅ በለቅሶ መሐል አንዲትም ቃል አይወጣውም ነበር። ውብአለም እየሰማች ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ ልታዛውር ክንዷን ስታነሳ ትከሻዋን ውግት አደረጋት።

እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ሰው ይደውልልሃል» ብላ ዘጋችው። አንድ ቀን ልጁ ይህን ጥሪ አስታውሶ እንደሚታዘባት አሰበች። ከዚያ ዞራ «ሁላችሁም ወደ ኮሪደሩ ኑ» አለች፤ ወጣቱንም ፖሊስ ጠርታ ካሳዬ አጠገብ አቆመችው።

ኮሪደሩ ለስድስት ሰው ጠበበ። ተናኘ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ካሳዬ» አለች ውብአለም፣ «ጋሽ ይመር እንዴት እንደገቡ እስቲ እንዳየኸው አድርገህ አሳየን።»

«አሁን ይኼ ምን ያደርጋል?»

«ለተናኘ ስል ነው።»

ካሳዬ ትከሻውን አነጣጥሮ የግራውን በር ገፋው። በሩ ድም አለ እንጂ አልተነቃነቀም። ጠንከር አድርጎ ደገመው። ድም። ከዚያ የቀዘቀዘው እሱ ነው።

«ተናኘ፣ ይኼ በር እንዴት ነው የሚከፈተው?»

«ወደ ኮሪደሩ ተስቦ» አለች ተናኘ ግራ ገብቷት። «ኮንትራክተሩ፣ ደረጃ ላይ የሚገፋ በር አይደረግም አለ።»

«ጠዋት እኔም በልማድ ወደ ግራ ሄጄ እንደ ድሮው ገፋሁት። ትከሻዬን አበለዘልኝ፣ አላስገባኝም። ልማድ ሰውን እዚህ በር ላይ ያላትመዋል እንጂ ደረጃው ውስጥ አይጥለውም።»

«እምቢ ሲለው ስቦት ይሆናላ!» አሉ ጋሽ ሰላሙ።

«ሊሆን ይችላል፣ ጋሽ ሰላሙ። ካሳዬ ‹ጀርባቸውን ነው ያየሁት› ቢለኝ ኖሮ አምኜው ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። እሱ ግን በዓይኔ አየሁ ያለኝ ገፍተው ሲገቡ ነው። ሊሆን የማይችል ነገር ነው ያየው። ውሸት ሲያስፈልገው፣ ራሱ ስቦ የከፈተውን በር እንኳ ረስቶ፣ የድሮውን ጋሽ ይመር በድሮው በር አስገብቶ አወራልኝ፤ ሁላችንም የምናውቀው ስለሆነ ሁላችንም አመንነው።»

«ደንግጬ ነው የተሳሳትኩት» አለ ካሳዬ።

«እሺ። ብርጭቆውስ? ሳይከድኑት ነው የተነሱት። ሽንት ቤት አልሄዱም፤ ከኮሪደሩ አንድ ሰው በዓይኑ ጠራቸው። ብሩኪ ኪችን ውስጥ ነው፣ ጋሽ ሰላሙ ጎናቸው ተቀምጠዋል፣ እኔና ተናኘ መስኮቱ ጋ ነን። ከኮሪደሩ ሊጠራቸው የሚችል ማን ቀረ?»

ተናኘ ባሏን እያየች ነበር።

«ጋሽ ሰላሙ፣ ‹ያጠፋሁት ጥፋት› ያሉዎት የካርታውን አይደለም። ተናኘን የዳሩት እሳቸው ናቸው። ለዚህ ሰው ዋስ ሆነው ‹ጨዋ ልጅ ነው› ያሏት እሳቸው ናቸው።» ውብአለም ቆም አለች፤ የሚቀጥለውን ማለት አልፈለገችም። «ተናኘ፣ ኮምቦልቻ ሚስት አለችው። አንቺን ሳያገባሽ በፊት ያገባት፣ እስከ ዛሬም ያልፈታት። ልጅ አላቸው። ‹እወስድሻለሁ፣ ጠብቂኝ› እያለ ነው። ኸይረዲን ባለፈው ሳምንት ደርሶበት ለአጎቱ ነገራቸው። እሳቸው ደግሞ ‹እስከ ብራንቹ ራስህ ንገራት፤ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ› አሉት።»

«ውሸት ነው በል» አለች ተናኘ። «ካሳዬ፣ ውሸት ነው በል።»

ካሳዬ በሩን ነበር የሚያየው። «ሰው ይሰማናል፣ ታች ወርደን እናውራ አልኳቸው» አለ ቀስ ብሎ። «ደረጃው አፍ ላይ ቆመን አንድ ሳምንት ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። የመኖሪያ ወረቀቴ ይበላሻል፣ ሁሉም ነገር ይበላሻል አልኳቸው። ‹ዛሬ› አሉ። ሌላ ቃል የላቸውም፣ ‹ዛሬ›። መብራቱን ሊያበሩ ዞር ሲሉ…» አልጨረሰውም።

ወጣቱ ፖሊስ በፊት ለፊቱ በር ይዞት ወጣ። የተሰለፉት ወጣቶች መንገድ ለቀቁላቸው፤ አንዷ «ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?» ብላ ስትጠይቅ ተሰማ። ብሩኪ ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት ጠረጴዛ ማንሳት ጀመረ። እጁ የጋሽ ይመርን ብርጭቆ ሲነካ ተናኘ «ተወው» አለችው።

ሄዳ ከአጠገቡ ሶፍት አነሳች፣ ብርጭቆውን ከደነችው፣ ጠርዙን በጣቷ አስተካከለች።

«ስለዚህ በሩ አይደለም» አለች ሳትዞር።

«አይደለም» አለች ውብአለም። «ቤትሽ ማንንም አልገደለም፣ ተናኘ። ቁልፉን እንዳትመልሺ።»

ተናኘ ጣቷን ከብርጭቆው ላይ አላነሳችም።

«ምናለ» አለች በመጨረሻ፣ «በሩ በሆነ ኖሮ።»