የግራ እጅ ጓንት

ሽማግሌው ብረት ቀጥቃጭ በገዛ ወርክሾፑ ወለል ላይ፣ ብረት በሚቀጠቀጥበት መስፍና በመሰርሰሪያው ማሽን መካከል፣ በጀርባው ተጋድሞ ተገኘ። ዓይኑን የከደነለት ሰው ነበር። ሸሚዙን ቆልፎለታል፤ ከራሱ ሥርም ኮት አጥፎ አድርጎለታል። መርማሪዋ ሰው ገድሎ ትራስ የሚያበጅ ነፍሰ ገዳይ እስካሁን አላጋጠማትም። ሆኖም በሥራው ላይ ብዙ ስለቆየች «የለም» ብላ አልደመደመችም።

«የተመታው እዚህ ጋ ነው» አለ ሃምሳ አለቃው የሟቹን የግራ ጆሮ ግንድ እያሳየ። «መዶሻ ነው። እዚህ ቤት መዶሻ ሞልቷል፤ የትኛው እንደሆነ መለየት ብቻ ነው የቀረን።»

«ገዳዩስ?»

«እሱ ተይዟል።»

የተያዘው የሟቹ የሥራ ባልደረባ ዲጅኖ ነው። ይህን የከባድ ብረት ስም ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ ቁመናውን ያየ ሰው ግን አይጠይቅም። ሽማግሌው በትንሹ መዶሻ ቦታውን ያመለክታል፣ ዲጅኖ በትልቁ ያሳርፍበታል፤ ጠጉራቸው አብሮ እስኪሸብት ድረስ የኖሩት እንዲህ ነው። ሬሳውን አግኝቶ ፖሊስ የጠራውም ራሱ ዲጅኖ ነበር። ጎረቤታቸው የሆነው ብረት በያጅ ግን ከሞቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ሁለቱ ሲጣሉ ሰምቷል።

«ዲጅኖ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም» አለ በያጁ። «ያን ቀን ማሽኔን አጥፍቼ ነው ያዳመጥኩት።»

«ምን ነበር የሚሉት?»

«እሱን እንኳ አልያዝኩትም። ሳጠፋ እነሱም ዝም አሉ። ያሳዝናል።»

ዲጅኖ ስለ ጠቡ ሲጠየቅ አልመለሰም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

መርማሪዋ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የሟቹ ግራ ክንድ ከክርኑ በታች ተሰብሮ ተጠምዝዟል። የእጁን አንጓ ዙሪያውን የበለዘ ቀለበት ከቦታል፤ ቀበቶ ያጠበቁበት ይመስላል። ጣቶቹ ላይ ቃጠሎ በቃጠሎ ተደራርቧል። አንዳንዱ ጠባሳ ሆኗል፣ አንዳንዱ ገና ጥሬ ነው፤ ቅባት የነካው ግን አንድም የለም። ቀኝ እጁ ከመጅ በቀር ምንም የለበትም።

«ክንዱስ?» አለች።

«ታግለው ነዋ።»

«ራሱን በመዶሻ የተመታ ሰው ክንዱ እንደታጠበ ልብስ አይጨመቅም።»

ሃምሳ አለቃው ይህን ሊጽፍ አስቦ ተወው።

ክፍሉ ጨለማ ነው። መስኮቱ ላይ ቆርቆሮ ተመትቶበታል። በያጁ እንደነገራት ብረት ስንት እንደጋለ የሚታወቀው በቀለሙ ነው፤ ቀለሙ ደግሞ በብርሃን አይታይም። ባትሪዋን አበራች። ግድግዳው፣ ጉጠቶቹ፣ ወናፉ፣ ከወናፉ በላይ በሚስማር የተሰቀለው የሁለት ሰው እጅ የሚያስገባ ሰፊ አሮጌ ጓንት፣ ሁሉም የከሰል ጥላሸት ለብሷል። መሰርሰሪያው ማሽን ብቻ፣ ከምሰሶው እስከሚሽከረከረው ዘንጉ፣ ተወልውሎ ያብረቀርቃል።

«ነፍሰ ገዳይ መዶሻውን ያጥባል እንጂ ማሽን አይወለውልም» አለች ለራሷ።

ከዘንጉ ሥር ሰም የነካው ወፍራም ቀይ ክር ተጠምጥሞ ቀርቷል። ወደ ምድጃው ሄዳ አመዱን በጉጠት ጫረችው። ያረረ ቆዳ ሸተታት። ከአመዱ ውስጥ የጠቆረ ዘለበት ወጣ።

የሟቹ ልጅ ድንኳንና ሻንጣ ሰፊ ናት። መርማሪዋ ስትገባ ማሽኗ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አትሰፋም፣ ግን ሌላ የምትቀመጥበት ቦታ የጠፋት ትመስላለች። ሸራው ሳይቆረጥ እግሯ ሥር ተዘርግቷል። ክሩ ማሽኑ ላይ ነው። ቀይ ነው። መርማሪዋ አየችውና ሌላ ሌላውን ማየት ጀመረች።

«ዕቃዎቹን ስትመልሱልኝ ጓንቱን እንዳትረሱብኝ» አለች ልጅቱ። «ሌላው ቢቀር እሱን ለራሴ ላስቀምጠው እፈልጋለሁ።»

«የምን ጓንት?»

«የሠራሁለት። ለግራ እጁ። ያ አሮጌው ሰፊ ነበር፣ ገና እጁን ሲያነሳ የሚወልቅ። በልክህ ልስፋልህ እያልኩ ስለምነው ነው ያደግኩት። እምቢ ይላል። አሁን በቅርቡ ራሱ መጥቶ ‹ስፊልኝ› አለኝ። ‹የሁለቱንም?› ስለው፣ ‹መዶሻ የያዘ እጅ ባዶውን ይሻለዋል፤ በጓንት ከያዙት መዶሻው ያመልጣል› አለኝ። አንዱን ብቻ ሰፋሁለት።»

«በልኩ ሆነ?»

«መጀመሪያ አልሆነም። ‹ይወልቅብኛል› ብሎ መለሰው። እጁ ከስቶ መስሎኝ አንጓው ላይ ጠፍር ከነዘለበቱ ጨመርኩበት። በዚያው በሞተበት ቀን ጠዋት ነው ወስዶ የሄደው። እኔው ነኝ የቆለፍኩለት።» የሸራውን ጫፍ አነሳችና መልሳ ጣለችው። «‹አሁን ገና እጄን ያዝሽልኝ› አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ አያውቅም።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን ከደነች። የምትጽፈው ስላለቀ አልነበረም።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ጎማ ነጋዴ ነው። ሱቁ ውስጥ ከጎማ ላይ ተቀምጦ አስተናገዳት፤ ለእሷም ሌላ ጎማ አመለከታት። እሷ መቆም መረጠች።

«ዲጅኖ ነው የገደለው» አለ። «ሌላ ማን ነበር እዚያ? ወንድሜን ‹ይበቃሃል፣ ዝጋው› ስለው እሱ ነበር የሚያሠራው።»

«ለምን ይዝጋው?»

«አርጅቷላ።»

«ስኳር ነበረባቸው?»

ሰውዬው ተነሳ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። «ማን ነገረሽ?»

«ጣቶቻቸው። የተቃጠለ ሰው ቢያንስ ቅባት ይቀባል። እሳቸው መቃጠላቸውን የሚያውቁት በማየት ነበር እንጂ አልተሰማቸውም።»

«ሐኪም ጋ የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለ ወንድምየው፣ ድምፁ ወርዶ። «እጁ ደንዝዟል አሉን። እግሩም ይከተላል አሉን። ስንወጣ አስማለኝ። ‹ለልጄ እንዳትነግራት፤ ካወቀች እሳቱን ታጠፋብኛለች› አለ። ምንድን ነው የማደርገው? ታላቄ ነው። ማልኩለት።» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ይሄ ከዲጅኖ ጋር ምን አገናኘው?»

«ገና አላወቅኩም» አለችው። ዋሸች።

ወደ ማታ ገደማ ዲጅኖን ከታሰረበት አስጠራችው። ሲገባ በሩ አነሰው። ከወንበሩ ብድግ ባለ ቁጥር ግራ እጁን ወደ ታች ይወረውርና ያራግፋል። መጀመሪያ ውሃ ሲሰጡት፣ ቀጥሎ ሃምሳ አለቃው ወንበሩን ሲቀይርለት አየችው።

«እጅዎን የሚያራግፉት ምን ሆነው ነው?»

«ትንኝ ነው።»

ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። ትንኝ አልነበረም።

«ጓንቱስ የት ሄደ?»

«እኛ ጓንት አናውቅም።»

«ከወናፉ በላይ የተሰቀለው ምንድን ነው ታዲያ?»

«ልጄ፣ አታድክሚኝ። እኔ ነኝ ብሏል ብለሽ ጻፊ። እፈርምልሻለሁ።»

«በምን መቷቸው?»

«በመዶሻ።»

«በየትኛው?»

«በደረሰብኝ።»

«ክንዳቸውንስ ማን ጠመዘዘው?»

ዲጅኖ ወደ ገዛ ክንዱ አየ። እሱን አላሰበበትም ነበር። የሰለጠነ ውሸታም ቢሆን ኖሮ ሥራዋ ይቀላት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከፍርድ ቤቱ ሰዓት በፊት፣ ሁሉንም ወርክሾፑ ሰበሰበቻቸው። ወንድምየው በሩ አጠገብ ቆመ። በያጁ ያለወትሮው ንጹሕ ልብስ ለብሶ መጥቷል። ሃምሳ አለቃው የዲጅኖን ካቴና ፈታ። መርማሪዋ ወደ ልጅቱ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንቺ ደጅ ብትጠብቂን ይሻላል።»

«አባቴ የሞተበት ቤት ነው» አለች ልጅቱ። «ደጅ አልቆምም።»

መርማሪዋ ወደ ማሽኑ ዞረች። ዝም ብላ ብትወጣ አንድ ሰው ባልሠራው ወንጀል ወኅኒ ይወርዳል፤ ያውም በገዛ ፈቃዱ። ከተናገረች ደግሞ እዚህ የቆመችው ልጅ ትሰማለች። ሦስተኛ መንገድ ሌሊቱን ሙሉ ፈልጋ አላገኘችም።

አሮጌውን ጓንት ከሚስማሩ አውርዳ ለዲጅኖ ሰጠችው። «ይልበሱት። ከዚያ ይህን ብረት በጉጠት ይያዙና ማሽኑ ጋ ያድርሱልኝ።»

ዲጅኖ ጓንቱን በግራ እጁ አጠለቀ፤ ጉጠቱን ያዘ፤ ሄደ። ማሽኑ ጋ ሳይደርስ ጉጠቱን ወደ ቀኝ አሻገረና ግራ እጁን አራገፈ። ጓንቱ በርሮ በያጁ እግር ሥር ወደቀ።

«ማን አውልቅ አለዎት?»

ዲጅኖ ባዶ እጁን አየ። ምን እንዳደረገ የገባው ያኔ ነው። መስፉ ላይ ቁጭ አለ።

«ቀጥቃጭ ጓንት የሚያደርገው ጉጠት በሚይዝበት እጁ ብቻ ነው» አለች መርማሪዋ። «ጓንቱ ሰፊ መሆን አለበት፤ ፍም ከገባበት ወይም ረጥቦ በእንፋሎት ከጠበሰው አንዴ ሲያራግፉት እንዲወድቅ። ወደሚሽከረከር ማሽን ሲጠጉ ደግሞ ጭራሽ አይደረግም፤ ዘንጉ አንድ ክር ከያዘ እጁን አይለቅም። ሟቹ ይህን ዕድሜ ልካቸውን አውቀዋል። ከእሳቱ ወደ ማሽኑ በሄዱ ቁጥር እጃቸው ሳይታዘዝ ያራግፍ ነበር። ያን ቀንም አራግፈዋል።»

«ታዲያ ለምን አልወለቀም?» አለ በያጁ።

«ጠፍር ነበረበት።»

መርማሪዋ ልጅቱን ሳታይ ቀጠለች።

«እጃቸው በስኳር በሽታ ደንዝዞ ነበር። የያዙት ይወድቅባቸዋል፣ ሰፊው ጓንትም ሳያራግፉት ይወልቃል፤ ለዚህ ነው እንዲጠብቅ የፈለጉት። ጓንቱ እጃቸው ላይ እንደቀረ ግን አልተሰማቸውም። በዓይናቸው እንዳያዩት ቤቱ ጨለማ ነው፣ እሳት ሲያይ የቆየ ዓይን ደግሞ ጨለማ ውስጥ አያይም። ዘንጉ ጓንቱን ያዘ፣ ክንዳቸውን ጠመዘዘ፣ ጎትቶ ጆሮ ግንዳቸውን ከምሰሶው ጋር አላተመው። የመታቸው ሰው የለም። ዲጅኖ ሲደርሱ ማሽኑ ገና ይሠራ ነበር። አጠፉት፤ ጓንቱን በቢላ ቀደው አወጡት፤ ደሙን ከማሽኑ ላይ ወለወሉ፤ ጓንቱን ከእሳት ጨመሩት። የሟቹን ዓይን ከደኑ፣ ከራሳቸውም ሥር ኮት አጥፈው አደረጉላቸው። ከዚያ ፖሊስ ጠሩ።»

«ጤነኛ ሰው አደጋን ነፍስ ግድያ አስመስሎ በራሱ ላይ ያመጣል?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«አደጋ ብሎ ቢያስመዘግብ ‹በምን?› ይባላል። ጓንቱ ይታያል። ጓንቱን ማን እንደሰፋው ለመዝገቡ አያስፈልግም። እዚህ ላይ እናቁም።»

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቱ።

ወንድምየው ሊይዛት እጁን ዘረጋ። ገሸሽ አለች። የምትሄደው ወደ ዲጅኖ ነው። ፊቱ ቆመች።

«ጋሼ፣ አንተ ታውቅ ነበር። አንድ ቀን ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ልመጣ ነበር። የተጣላነው በዚሁ ነው።» ዲጅኖ ቀና ብሎ አላያትም። «‹ጠፍር እያስገባችልኝ ነው› ሲለኝ ጮህኩበት። ‹የማይወልቅ ጓንት ጓንት አይደለም፣ ወጥመድ ነው፣ አሁኑኑ ሄጄ እነግራታለሁ› አልኩት። እጄን ያዘኝ። ‹ደስ ብሏታል፣ ተዋት› አለኝ። ‹እየሰፋች ታዜማለች። በሩ ላይ ቆሜ ሰማኋት። እናቷ ከሞተች ወዲህ አዚማ አታውቅም› አለኝ። ‹ማሽኑ ጋ ስሄድ ዘለበቱን እፈታለሁ፣ ቃሌ ነው› አለኝ።»

«አንተስ?»

«እሺ አልኩት።»

ልጅቱ እጆቿን አየቻቸው፤ አንዱን በአንዱ ሸፈነች። «መምጣቱን አላወቅኩም» አለች። «በሩ ላይ መቆሙን። ግባ እለው ነበር።»

በያጁ ወደ ውጭ ወጣ። ወንድምየው የማለበትን አፉን በእጁ ሸፍኖ ግድግዳውን ተደግፏል። መርማሪዋ ሥራዋን መጨረስ ነበረባት።

«ነፃ ነዎት» አለችው ዲጅኖን። «መሄድ ይችላሉ።»

ዲጅኖ ከመስፉ ላይ አልተነሳም።

«ምኑን ነፃ አወጣሽኝ» አላት፣ ያለ ቁጣ፣ «በእኔ ፈንታ እሷን አስገብተሽ።»

ሃምሳ አለቃው የተፈታውን ካቴና ይዞ የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ቆሟል። መርማሪዋ አልፋው ወደ ብርሃኑ ወጣች።