ሎሌው ከሰገነቱ ወደቀ

ኡበይድ የሎሌ ልብሱን እንደለበሰ ከመድረኩ የእንጨት ሰገነት ሥር ተዘርሯል። አንገቱ ተቆልምሟል፤ በቀኝ እጁ የሰው ሠራሽ ጢም ቁራጭ ጨብጧል። ኢንስፔክተር ሐምዲያ አጠገቡ በርከክ አለችና «ውይ ኡበይድ! ምነው ወንድሜ?» አለች። ዶራሌ ወደብ ዕቃ ሲያስለቅቅ፣ ከሁሉም ጋር ሲቀልድ ታውቀዋለች። የድሬዳዋ ዘር ነው፤ እሷም እንደዚያው። ጅቡቲ ደግሞ እንኳን የአገር ልጅ ባዳውም የሚተዋወቅባት ከተማ ናት።

አርሂባ ሰፈር ጥግ ባለው በዚህ አሮጌ መጋዘን ከየአገሩ የተሰባሰቡ አማተር ተዋንያን አንድ የድሮ የሩሲያ ኮሜዲ ይለማመዳሉ። በፈረንሳይኛ አሳይተውታል፤ አሁን ለሐበሻው በአማርኛ ሊያሳዩት ነው። ሎሌውን የሚጫወተው ኡበይድ ሲወድቅ እዚያ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ አዘጋጇ ፈረንሳዊት መምህርት ማዳም ኦዲል፣ ልብስና ጢም የምታሰናዳው አበዛሽ፣ ጌታውን የሚጫወቱት አቶ ኃይለማርያም፣ ሙሽራውን የሚጫወተው ረምዚ።

ረምዚ በካቴና ታስሯል። ትናንት ከኡበይድ ጋር ተጣልቶ «እሰብርሃለሁ!» ሲል ሁሉም ሰምቷል። ጢም የሚለጥፉትም እሱና አቶ ኃይለማርያም ብቻ ናቸው።

«ሚስቴ ቀኗ ገብቷል፤ ዛሬ ነገ ትወልዳለች» አላት ሐምዲያን ድምፁ እየተቆራረጠ። «ልጄ ሲወለድ እስር ቤት ልገኝ ነው? ወላሂ አልነካሁትም! ጓዳ ገብቼ ጢሜን እያነሳሁ ነበር።»

«ማን አየህ?»

«ማንም።»

አይ! ስንቱን ሰው ገደል የከተተችው ይህችው «ማንም» ናት።

ሐምዲያ ሽማግሌውን ጠራች። «ና ኃይለማርያም፣ እዚህ ተቀመጥ። ምን አየህ?»

አቶ ኃይለማርያም ፊታቸው ቅጭም አለ። ሐምዲያስ ክፋት የላትም፤ ለድሬ ሰው ከሼኩ እስከ ሊስትሮው ሁሉም «አንተ» ነው። ቀኝ ጉንጫቸው በፓውደር ነጥቷል፤ ግራው ግን እንደወትሮው ነው።

«ሰገነቱ ላይ መብራት ሳስተካክል ኡበይድ መጣ» አሉ። «‹ጋሼ፣ እርስዎ ይውረዱ፤ እኔ አስተካክለዋለሁ› አለኝ። ወረድኩ። በሩ ጋ ስደርስ ረምዚ መሰላሉን ሲወጣ አየሁት።»

«እንዲያ ብሎ ነው ያናገረህ?»

«እንዲያ ነዋ። ጨዋ ልጅ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው።»

ሐምዲያ ቃሉን በማስታወሻዋ ጻፈች። ወደ አበዛሽ ዞረች።

«ይሄ ጢም የማን ነው?»

«በምን እለየዋለሁ? ለሁለቱም ከአንድ ጥቅል ነው የምቆርጥላቸው።»

«እንዴት ነው የሚነሳው?»

«በዘይት፣ ቀስ ተብሎ ነዋ። ከመነጨቅሽውማ ቆዳሽን ይዞ ነው የሚመጣው።»

ማዳም ኦዲል ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ልምምዱ እንዴት ይሄድ እንደነበር ሐምዲያ ጠየቀቻት።

«ሎሌው ጌታውን ‹እርስዎ› ማለት አለበት። ኡበይድ ግን ስንቴ ብናርመው ‹አንተ› ነው የሚለው! በሳቅ እንሞታለን። ትናንት ተስፋ ቆረጥኩና ‹በቃ፣ እንደዚሁ ይሁን፤ ተመልካቹም ይሳቅ› አልኩ።»

«ኃይለማርያምስ ሳቀ?»

«እሱ እንኳ አልሳቀም።»

ሐምዲያ አራቱንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«የገፋው ጢም ከምትለጥፉት ከሁለታችሁ አንዱ እንደሆነ ይሄ ቁራጭ ነግሮኛል» አለች። «ሲወድቅ የገፋውን ሰው ጢም ይዞ ነው የወደቀው። የረምዚ ፊት ይኸው፤ ጭረት የለበትም፤ በዘይት ነው ያነሳው። ኃይለማርያም፣ እስቲ ያንን ፓውደር ጥረገው።»

«ላብ ስለሚያስቸግረኝ እኮ...»

«ጥረገው አልኩህ!»

ጠርገው መሐረባቸውን ሲያነሱ ተልጦ የቀላ ቆዳ ታየ። አበዛሽ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች።

«ሙቀቱ አናዶኝ ራሴ ነኝ የመነጨቅኩት!» አሉ።

«ይሁንልህ። ምላስህንስ ምን ታደርገዋለህ? ‹እርስዎ ይውረዱ› አለኝ አልክ። አቦ፣ ኡበይድ? ሼኩንም የወደቡን አለቃም ‹አንተ› ሲል የኖረ ልጅ፣ ተጽፎ ተሰጥቶት እንኳ ያቃተውን ቃል ማንም በሌለበት ላንተ ይለዋል? ያ ንግግር አልነበረም። ካልነበረ ደግሞ አልወረድክም፤ ረምዚም ሲወጣ አላየህም። በሟች አፍ ያስገባኸው አንቱታ የራስህ ምኞት ነው።»

አቶ ኃይለማርያም ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ።

«‹አንተ ሽማግሌ፣ ውረድ፤ ትወድቃለህ› አለኝ፤ እየሳቀ» አሉ። «አያቴ በባቡሩ ዘመን ወደዚህ ሲመጡ ሰው ቆሞ ነበር የሚቀበላቸው። እኔ ግን የከተማው መሳቂያ ልሆን ነው። ገፋ አደረግኩት። ይሞታል ብዬ አላሰብኩም።»

ሐምዲያ አንጀቷ ተቃጠለ። «እንዳትወድቅበት ሰግቶ ነው እኮ! ‹አንተ› ድሬ ላይ ንቀት መሰለህ? የኔ ነህ ማለት ነው። ‹እርስዎ› እኛ ዘንድ ለሩቅ ሰው ነው።»

የረምዚን ካቴና ፈታችለት። «ሩጥ፣ ሚስትህ ጋ!» አለችው፤ ልጁም እንባውን ሳይጠርግ በበሩ ወጣ።

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች። በሕይወቷ ለማንም ያላለችው ቃል ምላሷ ላይ ከበዳት።

«ይነሱ» አለቻቸው። «እርስዎ ይቅደሙ።»

አቶ ኃይለማርያም ቃሉን ሲሰሙ እያለቀሱ እጃቸውን ለካቴናው ዘረጉ።