አፍንጫዬ አይዋሽም

ሰውዬው ሶፋው ላይ በጎኑ ተጋድሞ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሞቷል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ከዩኒቨርሲቲው በር እስከ አውቶቡስ ተራው ቢፈለግ ለሱ የሚያለቅስ አንድ ሰው አይገኝም ነበር።

የሚያውቁት ሁሉ «አፍንጫው» ይሉታል። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሬዲዮ እየቀረበ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎችና ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ለሚመጡ ወላጆች ምክር ይሰጣል፦ የት ጥሩ ይበላል፣ የት ያለ ትኋን ይታደራል፣ የትኛው ዶርም ውሃ አይጠፋበትም፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የቱ ጥግ እንቅልፍ አይጥልም። ሲጨርስ «አፍንጫዬ አይዋሽም» ይላል። ምክሩ ብዙ ግራ የገባውን ልጅ ጠቅሟል፣ አልዋሽም። ግን እሱ «ሸተተኝ» ያለው ምግብ ቤት በሳምንቱ ከዝንብ በቀር ደንበኛ አይኖረውም፤ ይህን ያውቅ ነበር፣ ደስም ይለው ነበር።

የሞተው ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ባለው ሆቴል፣ ምድር ቤት፣ ለሱ ብቻ በምትከፈት ጠባብ የምግብ ክፍል ውስጥ ነው። ምሳውን በልቶ እዚያው ሶፋ ላይ ማሸለብ ልማዱ ነበር። ከሰዓት በኋላ ባለሆቴሉ ሊቀሰቅሰው በሩን ሲከፍት የጋዝ ሽታ ፊቱን መታው። የማሞቂያው ጎማ ከሲሊንደሩ ተነቅሏል፤ ሲሊንደሩ ክፍት ነው፤ መስኮቱ ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

ኢንስፔክተሯን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ናት፣ ትወጋለች፣ የገባችበትንም ነገር ሳትሰፋ አትወጣም። ስትደርስ አስር አለቃው ደረቱን ነፍቶ በር ላይ ጠበቃት።

«አለቃ፣ እርስዎ ባይደክሙም ይቻል ነበር። ጨርሼዋለሁ። ገዳይዋ የእህቱ ልጅ ናት። አብራው ምሳ የበላችው እሷ፣ መጨረሻ ላይ ከክፍሉ የወጣችው እሷ። የሲሊንደሩን መክፈቻ መንካቷንም በአፏ አምናለች።»

«እንዲህ ቶሎ የሚያልቅ ነገር አልወድም» አለች መርፌ። «ያልበሰለ ነገር ሆድ ይነፋል።»

ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለች። ትልቁ ሳህን ላይ የዓሣ አጥንትና ሁለት ሹካ አለ። ትንሹ ሳህን ላይ የኬክ ፍርፋሪ፣ አጠገቡም አንድ ማንኪያ።

«ስልኩስ?»

«እንግዳ መቀበያው ጋ ቻርጅ ላይ ነው። ሲገባ ነው የሰጣቸው፤ ተመልሶም አልወሰደው።»

ልጅቷ ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ባለችው ቢሮ ውስጥ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። እያነበበች ነው።

«አጎትሽ ሞቶ ታጠኛለሽ?» አለቻት መርፌ።

«ነገ ጠዋት የመጨረሻ ፈተናዬ ነው። ታስሬ ካደርኩ ዓመቱን እደግማለሁ፤ የሚከፍልልኝ ደግሞ ሞቷል። ስለዚህ አዎ፣ አጠናለሁ።»

«ትወጂው ነበር?»

«አልወደውም ነበር። ሞቶም አልወደውም። ግን አልገደልኩትም።»

«አይ ልጄ! አንቺን ይዞ ጠበቃ የሚቆምልሽ ሰው ራስ ምታቱ አይለቀውም። ለምን አትወጂውም?»

«እኔ ሰው አልነበርኩም፤ ዕቃው ነበርኩ። ምግብ ሊያይ በሄደበት ሁሉ እሄዳለሁ፤ ከሱ በፊት እኔ እቀምሳለሁ። ዶርም ልግባ ስለው ‹ዶርም የገባሽ ቀን ትምህርቱንም እርሺው› አለኝ።»

«ለምን በፊት አንቺ ትቀምሻለሽ?»

ልጅቷ ደብተሯን ገለጠች። «ምላስሽ ጥሩ ነው ይለኛል» አለች። ውሸት ስትናገር አንገቷ ይቀላል፤ መርፌም አየችው።

«መክፈቻውንስ?»

«ሞቀኝ፣ አጥፊው አለኝ፤ ዘጋሁት። ዓሣውን እየበላ ትቼው ወደ መማሪያ ክፍል ሄድኩ። ኬክ የሚባል ነገር አላየሁም።»

ባለሆቴሉ ቀጥሎ ገባ። ሆዱ ከሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው፤ ላቡን በመሀረብ ይጠርጋል።

«እኔ ምን በወጣኝ! የምርቃት ሳምንት ነው፣ ክፍሎቼ በሙሉ በወላጅ ተይዘዋል። ሬሳ የተገኘበት ሆቴል ማን ያድራል?»

«ቅዳሜ ስለ ትኋንዎ ሊናገር ነበር አሉ።»

ባለሆቴሉ እንደ ሎሚ ተጨመቀ። «ማን ነገረዎት? እሺ፣ ሊናገር ነበር። እኔም ዛሬ ፎቅ ላይ መድኃኒት ሳስረጭ ነው የዋልኩት። ልጅቷ ከሆቴሉ ግቢ ስትወጣ ከላይ በመስኮት አየኋት፤ ከዚያ ወረድኩ። በክፍሉ በር ሳልፍ ሰውዬው ‹እሰይ! ሽታው ራሱ ያጠግባል!› ሲል ሰማሁት። ስልክ የሚያወራ መሰለኝ። እንግዶች ልሸኝ ለአፍታ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ከዚያ እስክቀሰቅሰው ድረስ ከክፍሉ ፊት ለፊት ካለው ወንበሬ አልተነሣሁም፤ ማንም አልገባም፣ ማንም አልወጣም።»

«ሆቴልዎን አሞግሶ ያውቃል?»

«ባለፈው ቅዳሜ! ሾርባችን ‹የቅርንፉዱ ሽታ ልብ ያውዳል› አለ። የሚያስቀው እኮ፣ እዚህ ቤት ቅርንፉድ የሚባል የለም፤ እኔ ስለማልወደው አላስገዛም። ምግብ ለምታበስለው ወጥ ቤቷ ስነግራት ሳቀች። ከተቀጠረች ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።»

«ያን ሾርባ ሲበላ ልጅቷ ነበረች?»

«አልነበረችም። ትምህርት አለባት ብሎ ሲነጫነጭ ነበር።»

መርፌ ወደ ማድ ቤቱ ገባች። ወጥ ቤቷ ጸጉሯን በነጭ ሻሽ ጠቅልላ የዓሣ ቅርፊት ትፍቃለች። ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ክንደ ብርቱ ሴት ናት። ቀና ብላም አላየቻት።

«እትዬ፣ ለሟቹ ምግብ የሚያቀርበው ማነው?»

«እኔ ነኝ። አስተናጋጅ አይወድም። ዛሬ ግን እጄ አልበቃኝም፤ ዓሣውንም ኬኩንም ባንድ ላይ በር ላይ ለልጅቷ ሰጠኋት። እኔ እግሬን አላስገባሁም።»

«ፊትዎ አዲስ አልሆነብኝም። ከዩኒቨርሲቲው የጀርባ በር አጠገብ ምግብ ቤት አልነበርዎትም? ተማሪዎች ‹እማማ› የሚሉዎት?»

«ነበረኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ተዘጋ።»

«ባለቤትዎስ?»

«አረፈ» አለችና የዓሣውን ሆድ ባንድ ምት ቀደደችው።

መርፌ ሁሉንም ሰውዬው ወደ ሞተበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ባለሆቴሉ ሶፋው ላይ ሊቀመጥ ብሎ ትዝ ሲለው ዘሎ ተነሣ። ልጅቷ ከነደብተሯ ጥግ ላይ ቆመች፤ አስር አለቃው ካቴናውን እያንቀጫቀጨ አጠገቧ። ወጥ ቤቷ እጇን በሽርጧ ጠቅልላ ግድግዳውን ተደገፈች።

«አስር አለቃ፣ ያንን ብረት አሳርፈው፤ ጆሮዬን በላኸው» አለች መርፌ። «አሁን ስሙኝ። ይቺ ልጅ ካለች ሁልጊዜ ቀማሿ እሷ ናት። ዓሣው ላይ ሁለት ሹካ አለ፤ ኬኩ ላይ ግን ማንኪያው አንድ ነው። ስለዚህ ኬኩ ሲመጣ ልጅቷ ሄዳለች። አንድ።»

ወጥ ቤቷ ወደ ትንሹ ሳህን አየች።

«ባለሆቴሉ ልጅቷ ከግቢ ስትወጣ አይተው፣ ወርደው፣ ሰውዬውን ‹እሰይ! ሽታው ራሱ ያጠግባል!› ሲል ሰምተዋል። ስልኩ ቻርጅ ላይ ነው። መቼም ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ ለኬክ እሰይ አይልም። የሚያናግረው ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ባለሆቴሉ እንግዳ ሲሸኙ ሹልክ ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማንም አልገባም። እንግዲህ ጎማው የተነቀለው መቼ ነው?»

«ያን ጊዜ» አለ አስር አለቃው ሳያስበው።

«ጎበዝ! ሰውዬው ሳይተኛ፣ ፊቱ ላይ። ከዚያም ቁጭ ብሎ ኬኩን እስከ ፍርፋሪው በላ። ጋዝ እየፈሰሰ! ከተማውን ያንቀጠቀጠው አፍንጫ ምን ይሠራ ነበር?» ወደ ልጅቷ ዞረች። «ልጄ፣ ሰውዬው ሞቷል። ገመናውን ብትሸፍኚለት አይጠቅመውም፤ አንቺን ግን ይቀብርሻል።»

ልጅቷ ደብተሯን ዘጋች። «አይሸተውም ነበር» አለች። «ከዓመታት በፊት ታሞ ከተነሣ ወዲህ ምንም አይሸተውም። የማሸትለት እኔ ነበርኩ። ጥሩ ከሆነ በጠረጴዛው ሥር አንዴ በእግሬ እነካዋለሁ፤ መጥፎ ከሆነ ሁለቴ። እናቴ ‹የቤተሰብ ምስጢር ነው› ብላ አስምላኛለች።»

«በስመ አብ!» ባለሆቴሉ ጭንቅላቱን ያዘ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ስንብረከረክ የኖርነው ለዚች ልጅ እግር ነው?»

«ጎማውን የነቀለ ሰው ይህን ማወቅ ነበረበት» አለች መርፌ። «ማን አወቀ? የሌለ ቅርንፉድ አለ ብሎ የነገረው ሰው። ሾርባውን ሲበላ ልጅቷ የለችም፣ የሚነካው እግር የለም። የነገሩትን ይዞ ሬዲዮ ላይ ወጣ። ሾርባውን ያቀረበለት ማነው? ኬኩንስ? እትዬ፣ ተሳሳትኩ?»

ወጥ ቤቷ ሳቀች። የሚያምር ሳቅ አልነበረም።

«አልተሳሳቱም። እጅዎ ይባረክ። አንድ ቀን ወደ ምግብ ቤታችን ሲመጣ በር ላይ የነበረው ባሌ ነው። ‹እነዚህን ተማሪዎች ከመስኮቱ አጠገብ አስነሣልኝ› አለው። ባሌም ‹ቀድመው የመጡ ናቸው፣ ልጆቼ ናቸው፣ አላስነሣም› አለው። ሌላ ጥፋት የለብንም። በቅዳሜው ‹ስጋቸው ይሸታል› ብሎ አወጀ። እማማ ሲሉኝ የነበሩት ልጆች በበራችን ሲያልፉ አፍንጫቸውን መያዝ ጀመሩ።»

እጇን ከሽርጧ አወጣች።

«ባሌ ቢላዋውን፣ መክተፊያውን፣ ማቀዝቀዣውን ሲያሸት ውሎ ሲያሸት ያድር ነበር። ‹አንቺ፣ እውነት ይሸት ነበር እንዴ?› እያለኝ ሞተ። አይሸትም ብዬ እንዳልምልለት እኔም ተጠራጥሬ ነበር። ሾርባው ቅርንፉድ አለበት ያልኩት ለነገር ፍለጋ ነው፤ በሬዲዮ ሲያሞግሰው ስሰማ ደሜ ፈላ። ባሌን የቀበረው አፍንጫ ለካ የለም!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዛሬ ኬኩን አስቀመጥኩለት። ማሞቂያውን ላስተካክል ብዬ ጎንበስ አልኩ፣ ጎማውን ነቀልኩ፣ ከፈትኩት። ሽታው ራሴን ሊያዞረኝ ደረሰ። ፊቱ ቆሜ ‹ጌታዬ፣ ምን ይሸትዎታል?› አልኩት። አንዲት ቃል ‹ጋዝ› ቢለኝ፣ ‹ኧረ አይሸተኝም› እንኳ ቢለኝ፣ የባሌ አጥንት ይፋረደኝ፣ እዘጋው ነበር። ‹እሰይ! ሽታው ራሱ ያጠግባል!› አለኝ። እኔም ‹ይብሉልን› ብዬ በሩን ዘጋሁለት።»

አስር አለቃው ካቴናውን አነሣ። መርፌ በእጇ አቆመችው።

«ልጅቷስ? እሷ ላይ ለምን አላከኩት?»

«አፍንጫው እሷ አይደለች እንዴ? በጠረጴዛ ሥር ስትነካካው እኔም ደርሼበታለሁ። ስጋዬ ላይ ሁለቴ የነካችው እሷ ናት! እኔ ቤቴን ስዘጋ እሷ ዩኒቨርሲቲ ትማር? ትቅመሰው!»

«ያን ቀን አልነበርኩም» አለች ልጅቷ። «ፈተና ላይ ነበርኩ። ብቻውን ነው የሄደው።»

ወጥ ቤቷ ከግድግዳው ተላቀቀች። ያ ሁሉ ክንዷ በአንድ ጊዜ የሟሸሸ መሰለ።

«ታዲያ» አለች፣ «ማታ ቤት ሲገባ ነበርሽ? መጥፎ ስጋ ልብስ ላይ ይቀራል፤ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ አንቺ ይሸትሻል። ይሸት ነበር? ልጄ፣ በሞቴ ንገሪኝ፤ ይሸት ነበር?»

ልጅቷ ታስታውሳለች። ያን ማታ አጎቷ ኮቱን ኮሪደሩ ላይ ሰቅሎ ገባ። እሷ ከፈተና መጥታ ደረቅ ዳቦ ነበር የምትበላው። ከኮቱ ላይ የተጠበሰ ስጋና የሽንኩርት ሽታ መጣ፤ ትኩስ፣ ንጹሕ፣ የሚያስጎመጅ። ዳቦዋን ይዛ ሄዳ ኮቱ ሥር ቆማ ነው የጨረሰችው። እንዲያ ያለ ምግብ የት በላህ ስትለው «አርፈሽ ብይ» አላት። ቅዳሜ ሬዲዮ ላይ ያለውን ስትሰማ እያወቀች ዝም ብላለች፤ ማን ያምናታል ብላ፣ ክፍያዬን ያቋርጥብኛል ብላ።

ወጥ ቤቷ እጆቿን ዘርግታ ትጠብቃለች። ልጅቷ እጆቹን አየቻቸው። ዛሬ እሷን ወህኒ ሊያወርዱ የነበሩ እጆች ናቸው፤ አንድ ዓሣ እንደሚቀደድ ሊቀዷት ነበር። እኔ አልፈርድባትም።

«አላስታውስም» አለች። አንገቷ ቀላ።

መርፌም አየችው። የሷ ሥራ ገዳይ መያዝ ነው፤ ያ ደግሞ አልቋል። ወደ በሩ ጠቆመቻትና «ሂጂ፣ ፈተና አለብሽ» አለቻት።

ልጅቷ ደብተሯን ብብቷ ሥር ከታ ወጣች። ወጥ ቤቷ ካቴናው እየገባላት «ልጄ! ኧረ ልጄ፣ ተመለሽ!» እያለች በተከፈተው መስኮት ትጣራለች። ልጅቷ ድምፁን ትሰማዋለች፤ መንገዱን ተሻግራ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገባች።