ያልተጠየቀው መንገድ

የትናየት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤታቸው ከንፋስ መውጫ ከተማ ዳር፣ አስፋልቱ አልቆ የገብስ ማሳ ከሚጀምርበት ላይ ነው። ቀልጣፋ ልጅ ናት። መዝሙር ስትመራ ድምጿ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ይሰማል። በሰንበት ትምህርት ቤት ሥራ ሲታዘዝ «እኔ! እኔ!» ብላ ቀድማ እጇን የምታወጣውም እሷ ናት። እንዲህ ያለች ልጅ በመካከላችሁ አለች አይደል?

በጥቅምት ወር መጀመሪያ፣ አንድ እሑድ፣ መምህራቸው ዲያቆን ተስፋሁን ልጆቹን ሰበሰቡና «የፊታችን ቅዳሜ ሻሽ ፏፏቴን ልናይ እንሄዳለን» አሏቸው።

ልጆቹ በደስታ ጮኹ። ፏፏቴውን ሻሽ ያሉት ከሩቅ ሲያዩት በገደሉ ላይ ነጭ ሻሽ የተዘረጋ ስለሚመስል ነው።

«ቀላል ጉዞ ነው። ጠዋት ሄደን ከሰዓት በኋላ እንመለሳለን። ቢሆንም መዘጋጀት አለብን» አሉ መምህሩ። አንዱ ዳቦ፣ ሌላው ቅቅል ድንች፣ ሌላው ውሃ እንዲያመጣ አዘዙ። ከዚያ ጣታቸውን አነሱ። «አንድ ነገር ቀረን። ወደ ፏፏቴው ሁለት መንገድ አለ። የላይኛው አጭር ነው፤ በገደሉ ወገብ ይሄዳል። የታችኛው በማሳ በኩል ይዞራል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ የቱ እንደሚሻል አላውቅም። የሚያውቁት አባ ገብረ ማርያም ናቸው። እሳቸው ደግሞ ስልክ የላቸውም። ማን ሄዶ ይጠይቅልኝ?»

«እኔ!» አለች የትናየት።

አባ ገብረ ማርያም በአፋፉ ላይ ያለችው የኪዳነ ምሕረት ቄስ ናቸው። ከነየትናየት ቤት የግማሽ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ልትሄድ አሰበች። ግን የጎረቤቷ የአዜብ ስልክ ላይ አዲስ ፊልም መጥቶ ነበር። «አንዱን ክፍል ብቻ አይቼ እሄዳለሁ» አለች። አንዱ ክፍል ሁለት ሆነ፤ ሁለቱ ሦስት ሆነ። ማክሰኞ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ረቡዕ መንገዱ ጭቃ ነበር። ሐሙስም እንደገና ፊልሙ። በየቀኑ «ነገ እሄዳለሁ» ትል ነበር። «ነገ» ስትሉት የሚሸሽ ነገር ነው፣ ልጆች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዲያቆን ተስፋሁን ራሳቸው በነየትናየት ደጃፍ ሲያልፉ አገኟት።

«የትናየት፣ አባን ጠየቅሽልኝ?»

ፊቷ ጋለ። «ረሳሁ» ብል እንዴት ያዩኛል ብላ አፈረች። ሳታስበው ከአፏ ወጣ።

«አዎ መምህር። የላይኛው መንገድ ደህና ነው ብለዋል።»

«ጎበዝ! ተባረኪ!» አሉና አለፉ።

የትናየት ቆማ ቀረች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር፤ ብትሮጥ አባ ዘንድ ትደርስ ነበር። ግን «መንገዱ ደህና ሊሆን ይችላል። ደህና ከሆነ ደግሞ አልዋሸሁም ማለት ነው» ብላ ልቧን ልታሳርፍ ሞከረች። ልቧ ግን አላረፈም።

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ በቅጥሩ በር ተሰበሰቡ። አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ከሁሉም ትንሿ መሠረት ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ወይዘሮ ካሣነሽ እጇን ይዘው መጡና የየትናየት እጅ ውስጥ አኖሩት።

«የትናየትዬ፣ አደራሽን! ከእጅሽ እንዳትወጣ!»

«እሺ እትዬ» አለች የትናየት። ድምጿ ቀጠነ።

ዲያቆን ተስፋሁን ጸሎት አስጀመሩ። ልጆቹ «አቡነ ዘበሰማያት» ሲሉ እሷም ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። «ወኢታብአነ እግዚኦ ውስተ መንሱት»፣ ወደ ፈተና አታግባን፣ ሲባል ግን ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

መንገድ ጀመሩ። መምህሩ ከፊት፣ ረዳታቸው መምህርት ሰብለ ከኋላ፣ ልጆቹ በመካከል። በማሳው ዳር እየዘመሩ ሄዱ። ሁለቱ መንገዶች ከሚለያዩበት ሲደርሱ መምህሩ ወደ ላይኛው ታጠፉ።

«አባ ደህና ነው ብለዋል፤ በዚህ እንሂድ» አሉ።

የትናየት ወደ ታችኛው መንገድ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ተከተለቻቸው።

መንገዱ እየጠበበ መጣ። በግራ ቋጥኝ፣ በቀኝ ገደል ሆነ። ከሥር ጉም መጣ። መጀመሪያ ሸለቆውን ሸፈነው፤ ቀጥሎ እግራቸው ሥር ደረሰ፤ ከዚያ ፊትና ኋላቸውን ዋጠው። መዝሙሩ ቆመ። የሚሰማው የፏፏቴው ጩኸት ብቻ ነበር። ከየት እንደሚመጣ ግን አይታይም።

«የትናየት፣ ገደል አለ እንዴ?» አለች መሠረት።

«ወደ ቋጥኙ ተጠጊ።»

«አባ ደህና ነው ብለዋል አይደል?»

የትናየት እርምጃዋን ቀነሰች። የመሠረት ትንሽ እጅ በእጇ ውስጥ ላብ ላብ ብሏል። «አደራሽን» የሚለው የእትዬ ካሣነሽ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ይጮህ ጀመር።

መሬቱ ከእግሯ ሥር ለስለስ አለ። አንዲት ጠጠር ከጠርዙ ተንከባለለች። ቀጥሎ ሌላ። የትናየት የምትወድቅበትን ድምፅ ጠበቀች፤ ቶሎ አልተሰማም። ብትናገር ሁሉም ይጠሏታል። ባትናገርስ?

ከፊት የመምህሩ ነጠላ በጉሙ ውስጥ ሲርቅ አየች።

«መምህር! ቁሙ!» ብላ ጮኸች። «እባክዎ ቁሙ! አባን አልጠየቅኋቸውም! ዋሽቼ ነው! ማንንም አልጠየቅሁም!»

ሁሉም ደርቀው ቀሩ።

ዲያቆን ተስፋሁን አልተቆጡም። ድምፃቸው ዝግ አለ። «ልጆች፣ ጀርባችሁን ለቋጥኙ ስጡ። ማንም እግሩን እንዳያነሣ።»

በእጃቸው የያዙትን ዱላ ወደ ፊት ዘረጉና መሬቱን ጫን አደረጉት። ሣር የለበሰው መሬት ዱላውን እንደ ገንፎ ዋጠው። ከዚያ መንገዱ ተሰነጠቀ። የአንድ ክፍል ቤት ስፋት ያለው አፈር ከነሣሩ፣ ከነድንጋዩ ተንዶ ወደ ጉሙ ውስጥ ገባ። ድምፁ ከሥር እስኪሰማ ድረስ ማንም አልተነፈሰም።

መምህሩ አማተቡ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

«አሁን ቀስ ብለን እንመለሳለን። መምህርት ሰብለ፣ ካሁን በኋላ ፊት አንቺ ነሽ። አንዱ የሌላውን ልብስ ይያዝ።»

መመለሱ ከመሄዱ ይልቅ ያስፈራ ነበር። አንድ እርምጃ፤ ቆም። አንድ እርምጃ፤ ቆም። መሠረት አለቀሰች። የትናየት ልታባብላት እጇን ስትዘረጋ ልጅቷ እጇን ሰበሰበች።

«አንቺን አልይዝም» አለችና ከፊቷ ያለውን ልጅ ልብስ ጨበጠች።

ከገደሉም በላይ የትናየትን የጎዳት ይህ ነበር።

ማሳው ዳር ሲደርሱ መምህሩ ልጆቹን ቆጠሩ። አሥራ ዘጠኝ። ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ በቀጥታ ወደ አባ ገብረ ማርያም ቤት ወሰዷቸው።

አባ ነገሩን ሲሰሙ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። «የማክሰኞው ዝናብ ያንን መንገድ ከሥሩ በልቶታል! በማግሥቱ የጎረቤቴ በግ ከዚያ ገደል ገብታ ቀረች። ለሰው ሁሉ ልናገር እሑድን ስጠብቅ ነበር። ቅዳሜ እንደምትሄዱ ማን ነገረኝ?»

የትናየት እግራቸው ሥር ተንበረከከች። «እኔ ነበርኩ የምነግርዎ አባ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔም በደለኛ ነኝ አባ» አሉ ዲያቆን ተስፋሁን። «የልጆች ሕይወት ነው፤ ራሴ መጥቼ መጠየቅ ነበረብኝ።»

አባ መስቀላቸውን አውጥተው ሁለቱንም አሳለሙ። ከዚያ የትናየትን አነሡና «ልጄ፣ እኔስ ይቅር ብያለሁ። አደራ የሰጡሽ እናት ግን ገና አልሰሙም» አሏት።

ልጆች፣ ከገደሉ ጠርዝ ይልቅ የእትዬ ካሣነሽ ደጃፍ አስፈራት ብል ታምኑኛላችሁ? መምህሩ አብረዋት ሄዱ፤ የተናገረችው ግን እሷ ናት። አንዲት ነገር ሳትደብቅ ሁሉን ነገረቻቸው፤ ፊልሙንም ሳይቀር።

ወይዘሮ ካሣነሽ ልጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ያዙ። በመጨረሻ እንባቸውን ጠረጉ።

«ዘግይተሻል» አሉ። «ነገር ግን ተናግረሻል። ባትናገሪ ኖሮ ዛሬ እኔ እናት አልነበርኩም። በሚቀጥለው ጉዞ ግን ልጄን ለማንም አልሰጥም፤ ራሴ እመጣለሁ!»

እውነትም መጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በታችኛው መንገድ፣ አባ ገብረ ማርያምም ጭምር አብረው ሄዱ። ከፏፏቴው አጠገብ በትንሽ ጅረት ላይ የተደረደሩ መሻገሪያ ድንጋዮች ነበሩ። መሠረት ከዳር ቆመችና የትናየትን ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ዕለት ወዲህ ስታናግራት የመጀመሪያዋ ነበር።

«ይሄ ድንጋይ ይነቃነቃል?»

የትናየት «አይነቃነቅም» ልትል ነበር። ቆም አለች።

«አላውቅም» አለች። «ቆይ፣ መጀመሪያ ልሞክረው።»

ጫማዋን አውልቃ ወደ ቀዝቃዛው ውሃ ገባች። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በሁለት እጇ ነቀነቀቻቸው። ሦስተኛው ይነቃነቃል።

«ይህን ዝለይው፤ ሌላው ጠንካራ ነው» አለች።

መሠረት ጥቂት አሰበች። ከዚያ እጇን ዘረጋችላት።

ልጆቼ፣ ያልሠራነውን ሠርተናል ብለን መዋሸት የሚያምኑንን ሰዎች ለአደጋ አሳልፎ ይሰጣልና፣ ስንሳሳት ብናፍርም እንኳ ሳንዘገይ እውነቱን እንናገር።