በቱርጋይ ሜዳ የዘነበው ዝናብ

በሺህ ስምንት መቶ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፥ ታኅሣሥ ሲጋመስ፥ ለሩስያ ንጉሠ ነገሥት በሚገብረው በካዛኮች አገር የቱርጋይ ሜዳ በለስላሳ በረዶ ተሸፍኖ ነበር፤ ፈረሶች በሰኮናቸው እየዛቁ ሣሩን ያወጣሉ፤ በጎችም ከኋላ እየተከተሉ የተረፈውን ይለቅማሉ፤ ከጥንት የኖረው ሥርዓት ይኸው ስለ ሆነ ድርቆሽ የሚያከማች ሰው አልነበረም።

በዚያ ሰሞን ከዋናው ከተማ በቴሌግራፍ የመጣውን የአየር ወሬ፥ የወረዳው ምስለኔ ጃኑዛቅ ሕዝቡን ሰብስቦ አስነበበ፤ በሰሜን ብርቱ በረዶ፥ በመካከለኛው አገር ነፋስ፥ በቱርጋይ ግን ሙቀትና ዝናብ ይሆናል የሚል ነበር።

"ሰማችሁ? ሌላው ሲንዘፈዘፍ ለእኛ ሙቀት መጣልን" አለ ጃኑዛቅ። "እንግዲህ የመንግሥት ቆጣሪ መጥቶ ድንኳኑን ሁሉ እስኪቆጥር ድረስ ማንም ከሰፈሩ ንቅንቅ እንዳይል።"

የጨረቃንና የከዋክብትን መገናኘት እየቆጠረ የአየሩን ጠባይ የሚናገረው ሽማግሌ ኤሲርኬፕ ይህን ሲሰማ ክው አለ። የሟች ልጁን ሦስት ሕፃናት የሚያሳድገው በስድሳ በጎች ነበር።

"ወረቀቱ እውነቱን ነው፤ የእኔም ቆጠራ ይኸንኑ ይላል" አለ። "ግን በበረዶ ላይ ዝናብ ዘንቦ ብርድ ሲመታው ምን እንደሚሆን ጠፋህ? የእረኛ ልጅ አይደለህ እንዴ?"

"ምስለኔ ነኝ፤ አፍህን ሰብስብ።"

"እሺ፥ ጌታዬ ምስለኔ። ዛሬውኑ ወደ አሸዋው አገር ይልቀቁን። እዚያ ቁጥቋጦው ረጅም ስለ ሆነ ግግሩ አይውጠውም፤ በጎቹ እሱን ይበላሉ።"

"አንዲት ድንኳን ብትጎድል ሹመቴ ነው የሚሄደው። ሰማይ ላይ ሲያንጋጥጡ የኖሩ ሰው እኔን ሊያስተምሩ ነው? ቤትዎ ይግቡ።"

"አንተ ድንኳንህን ቁጠር፤ እኛ በድን እንቆጥራለን።"

ጃኑዛቅ የሽማግሌውን ሁለት ግመሎች ወስዶ አሰረበት፤ ያለ ግመልም ድንኳን ተነቅሎ አይሄድም።

በሦስተኛው ቀን ዘነበ፤ ሲመሽም ብርዱ ወረደና ሜዳው ሁሉ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ፈረሶቹ ግግሩን ሲደበድቡ ቅልጥማቸው ተገሸለጠ፤ ሣሩ ከሥር እየታየ በጎቹ በላዩ ቆመው አለቁ። በአሥራ አንደኛው ቀን ቆጣሪው ደረሰ፤ ድንኳኖቹም አንድ ሳይጎድል ተቆጠሩ፤ በጎቹን ይቆጥር ዘንድ ግን አልታዘዘም።

"ወረቀቱ ጉድ ሠራን" አለ ጃኑዛቅ በሕዝብ ፊት።

"ወረቀቱ ያለው ዘንቧል" አለ ኤሲርኬፕ። "ጉድ የሠራኸን አንተ ነህ።" ማንም ሰው አላገዘውም፤ ሁሉም መሬት መሬት አየ። እርሱም ብርዱ ሳይለቅ ከሦስቱ የልጅ ልጆቹ ሁለቱን ቀበረ።

በመንግሥት መዝገብ የዚያ ዓመት ቆጠራ እንከን የሌለው ተብሎ ተጽፏል፤ ምስለኔውም ካባ ተሸልሟል። ካዛኮች ዘመናቸውን በእንስሳት ስም ይጠራሉና፥ ያ ዓመት ተራው የጥንቸል ነበር፤ ከዚያ በኋላ በቱርጋይ ያ እልቂት በተነሣ ቁጥር "ጥንቸል ፈጀችን" ይባላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው፤ የጃኑዛቅን ስም የሚያነሣ የለም፤ ሁለቱ ሕፃናት ማን ማን ይባሉ እንደ ነበርም የሚያውቅ አልተገኘም።